ጣውላ ለመሰንጠቅ የትኛው ቼይንሶ? 70፣ 90 ወይስ 120 ሲሲ

ዛፍ መጣልና ግንድ መሰንጠቅ አንድ ሥራ አይደለም። ዛፍ ሲጣል ሞተሩ የሚጨነቀው ለአጭር ጊዜ ነው። ጣውላ ሲወጣ ግን የሦስት ሜትር ግንድ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ እየጮኸ፣ ያለ ዕረፍት ይሰነጠቃል። ማገዶ ሲቆርጥ አንበሳ የነበረው ባለ 50 ሲሲ (ሲሲ የሞተሩ መጠን ነው) መጋዝ እዚህ ሲደርስ ይግላል፣ ቶሎም ያረጃል። ከ70 ሲሲ በታች ያለውን ለዚህ ሥራ አትግዙ።

ብዙ ሻጭ የማያነሳው ነገር ደግሞ ከፍታ ነው። ካታሎግ ላይ የተጻፈው ጉልበት ለደጋ አየር የተለካ አይደለም። አዲስ አበባን በመሰለ 2,400 ሜትር ገደማ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ደብረ ብርሃን ላይ ወደ ሩብ ይጠጋል። ስለዚህ ደጋ ላይ የሚሠራ ሰው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ መግዛት አለበት።

ከታች እንጀምር። ስቲል የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ኤምኤስ 382 መጠኑ 72.2 ሲሲ፣ ጉልበቱ 3.9 ኪሎዋት ነው። አዲስ አበባ ላይ ሦስት ኪሎዋት ገደማ ቀረው ማለት ነው። ቀላል ነው፤ ገደል ለገደል ይዞ ለመሄድ ይመቻል። እስከ 40 ሴንቲ ውፍረት ካለው ባሕር ዛፍ ሞራሌና ጣውላ ለማውጣት ይበቃል። ከዚያ ለወፈረ ግንድ ይንፏቀቃል።

ብዙውን ገዢ የሚመለከተው 90 ሲሲው ነው። እዚህ ፉክክሩ በስቲል ኤምኤስ 661 እና በሁስክቫርና 395 መካከል ነው። የመጀመሪያው 91.1 ሲሲ፣ 5.4 ኪሎዋት፣ 7.4 ኪሎ፤ ሁለተኛው 93.6 ሲሲ፣ 4.9 ኪሎዋት፣ 7.9 ኪሎ። ክብደቱ ያለ ባር (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት) እና ያለ ሰንሰለት ነው። በወረቀት 661 ያሸንፋል። እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ካርቡሬተሩን አያለሁ። ሲ-ኤም የሚል ምልክት ያለው 661 የአየርና የቤንዚን ድብልቁን ራሱ ያስተካክላል። 395 በካቻቢቴ ነው የሚስተካከለው።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ ለሳሳው አየር ተብሎ ቤንዚን የተቀነሰለትን መጋዝ ይዛችሁ ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ እንዳለ ብትሠሩበት ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑ ይነክሳል። ደጋና ቆላ የሚመላለስ ሰው 661ን ይውሰድ። አንድ አካባቢ የሚሠራና ከከተማ የራቀ ግን 395 ይሻለዋል። የኤሌክትሮኒክስ ብልሽትን የሚመረምር መሣሪያ በየወረዳው አይገኝም፤ ካቻቢቴ የያዘ ጎበዝ መካኒክ ግን አይጠፋም።

ትልቁ የስቲል ኤምኤስ 881 ደግሞ 121.6 ሲሲ፣ 6.4 ኪሎዋት፣ 9.9 ኪሎ ነው። አንድ ሜትር ገደማ ለሚወፍር አሮጌ ዋንዛ ወይም ባሕር ዛፍ እንጂ ለሌላ አትግዙት። ቤንዚን ይጠጣል፣ ወገብ ይቆርጣል።

የድሮው ስቲል 070ም አለ። 105.7 ሲሲ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚሽከረከር ግን ጉልበተኛ ሞተር። አሠራሩ ቀላል ስለሆነ አፍሪካ ውስጥ ብዙ ጣውላ ሰንጣቂ ይወደዋል። ችግሩ ኮፒው መብዛቱ ነው። ብዙዎቹ ኮፒዎች የሰንሰለት ፍሬን የላቸውም፣ ንዝረታቸውም እጅ ያደነዝዛል። ዋጋው ቢያጓጓም እኔ አልገዛውም።

ባር ስትመርጡ በግንዱ ውፍረት ልክ ሳይሆን ከዚያ የሚረዝም ግዙ። ጣውላው ወጥ ውፍረት እንዲኖረው ባሩ ላይ የሚታሰረው የመሰንጠቂያ ፍሬም ራሱ ከርዝመቱ 10 ሴንቲ ወይም ከዚያ በላይ ይበላል። በዓይን ብቻ የሚሰነጥቁ አሉ፤ ጣውላው ወላጋ ይሆንና አናጺው በመላጊያ ይጨርሰዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት ብክነቱንም አስሉ። የቼይንሶ ሰንሰለት በአንድ ስንጥቅ አንድ ሴንቲ ያህል እንጨት ወደ ሰጋቱራ ይለውጣል። አሥር ጊዜ ብትሰነጥቁ አራት ባለ 2.5 ሴንቲ ጣውላ መሬት ላይ ፈሰሰ ማለት ነው። መሰንጠቂያ ቤት ያለው ባንድ ሶ (ቀጭን ዙር መጋዝ) ብክነቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ግንዱ ጋ መኪና የሚደርስ ከሆነ ጭኖ ወደ መሰንጠቂያ ቤት መውሰድ ሊያዋጣ ይችላል።

ገንዘባችሁን ሁሉ ሞተሩ ላይ አትጨርሱ። ተራው ሰንሰለት ጥርሱ 30 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚሞረደው፤ ለአግድም ቆረጣ ነው። ለመሰንጠቅ 10 ዲግሪ የተሞረደ ያስፈልጋል፤ ጣውላው ለስልሶ ይወጣል። ካጣችሁ ተራውን ገዝታችሁ ቀስ በቀስ በሞረድ አውርዱት። ቢያንስ ሁለት ሰንሰለት ያዙ፤ ታንኩን በሞላችሁ ቁጥርም ጥርሱን በሞረድ ንካ ንካ አድርጉት።