ጅማ ውስጥ «ሞተሩ ይውረድ» የተባላችሁ ሁሉ፣ ከመስማማታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

መኪናችሁ ሞቆባችሁ ጋራዥ ስትወስዱት «ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ተቃጥሏል፣ ሞተሩ መውረድ አለበት» ከተባላችሁ፣ እባካችሁ አንድ ቀን ታገሡ። አንድ ቡሎን እንኳ ሳይፈታ ለሌላ መካኒክ አሳዩት። እኔ ይህን ባላደርግ ኖሮ ለማያስፈልግ ሥራ 86,000 ብር ከፍዬ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ይህን ስላላደረገ የመኪናው ሞተር ዛሬም ድረስ ተበትኖ በካርቶን ውስጥ ተቀምጧል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ስመለስ ነበር። ግቤን ተሻግሬ የአበልቲን ዳገት ስይዝ ከፊቴ ጭነት የያዘ ተሳቢ አገኘሁ። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ መቅደም አይታሰብም፤ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየተሳብኩ ተከተልኩት። በዚህ መሃል የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀይ ወጣ። ዳር ይዤ ቆምኩ፣ ሞተሩን አጥፍቼ አርባ ደቂቃ ያህል ጠበቅኩ። ሰኮሩን አልፌ መንገዱ ሲከፈትልኝ ግን መርፌው ወደ መሃል ተመልሶ እስከ ጅማ ድረስ ንቅንቅ አላለም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ጉዳዩን የፈታችው እሷ ናት።

ሰኞ ጠዋት መኪናዬን ጋራዥ ወሰድኩ። የጋራዡን ስም አልጽፍም፤ ተመሳሳይ ነገር የሚሠራው እሱ ብቻ እንዳልሆነ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁና። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳን ፈታና ገልብጦ አሳየኝ። በክዳኑ ውስጠኛ ክፍል እንደ ማኪያቶ አረፋ ያለ ቢጫ ነገር ተጋግሯል። «ይመልከቱ እትዬ፣ ውኃና ዘይት ተቀላቅሏል። ጓርኒሲዮኑ ሄዷል። ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት መግባት አለበት» አለኝ። ጓርኒሲዮን የሚሉት በሞተሩ አካልና በላይኛው ክዳን መካከል ያለውን ስስ ማሸጊያ ነው፤ ጋስኬት የሚሉትም አሉ። ቶርኖ ቤት ደግሞ ብረት የሚላግበት ቤት ነው። «ዛሬ ካልጀመርን ሞተሩ ይነክሳል»፣ ማለትም ተጣብቆ መዞር ያቆማል፣ ሲለኝ ጉልበቴ ከዳኝ። በወረቀት ላይ «የሞተር ሙሉ ጥገና 86,000 ብር» የሚል አንድ መስመር ጽፎ ሰጠኝ። የእጅ ዋጋው ስንት ነው? የመለዋወጫውስ? ወረቀቱ ይህን አይልም። 15,000 ብር ቀብድ ከፍዬ ወጣሁ።

ማታ ለታላቅ ወንድሜ ደውዬ ስነግረው «የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተሽ አየሽው?» አለኝ። አላየሁም ነበር። በነጋታው ማልጄ ሄጄ፣ ሥራ ሳይጀምሩ ዘንጉን መዘዝኩት። ዘይቱ ጠቆር ያለ፣ ንጹሕ ዘይት ነው። የማኪያቶ ቀለም የሚባል ነገር የለበትም። ራዲያተሩ ውስጥም የዘይት ጠብታ አልነበረም።

ታዲያ በክዳኑ ላይ ያየሁት ምንድን ነው? ይህን ሁላችሁም እንድታውቁት እፈልጋለሁ፤ ማታለያው የተሠራው እውነት በሆነ ነገር ላይ ነውና። የጅማ ጠዋት ቀዝቃዛ ነው፣ አየሩም እርጥበት አይለየውም። እዚሁ ጅማ ውስጥ ከመርካቶ ሠፈር አጂፕ ሠፈር፣ ከአጂፕ ቤት እያልን አጭር አጭር መንገድ ስንነዳ ሞተሩ በደንብ ሳይግል እናጠፋዋለን። በሞተሩ ውስጥ ያለው እንፋሎት ቀዝቃዛው ክዳን ላይ ጠል ሆኖ ይቀራል፣ ከጥቂት ዘይት ጋር ተደባልቆም ያንን አረፋ ይሠራል። በጤነኛ መኪና ላይም ይታያል፤ ረዥም መንገድ እየተነዳ ሲግል ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። ክዳኑን ብቻ አሳይቶ ዘንጉን የማያሳይ መካኒክ ግማሹን ማስረጃ ደብቋል ማለት ነው። ስለማያውቅ ነው እንዳልል፣ ዘንጉን ስመዝዝ ፊቱን አይቻለሁ።

መኪናዬን ይዤ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው ምንም ሳይነኩ በፊት «ሙቀቱ የሚጨምረው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ያኛው ይህን አልጠየቀኝም። ዳገት ላይ፣ ከተሳቢ ኋላ ቀስ እያልኩ ስሄድ መሆኑን፣ ስፈጥን ግን መብረዱን ነገርኳቸው። «እንግዲያው ልጄ፣ መጀመሪያ ፋኑን እንየው» አሉኝ። መኪና ሲፈጥን ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ሲያዘግም ግን ሥራው የፋኑ ነው። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ ከፍተው ውኃ ሞሉና አስነሡት። ማሸጊያው ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ ከውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ እየተንቦጨቦጨ ይወጣ ነበር፤ ውኃው ጸጥ ብሎ ቆየ። ክዳኑን መልሰው ገጠሙትና ሞተሩ እንደተነሣ ጠበቅን። መርፌው ከመሃል አለፈ፣ ፋኑ ግን አልዞረም። ሽቦውን ከባትሪው ጋር በቀጥታ ሲያገናኙት ወዲያው ዞረ። ለካ ፋኑ ጤነኛ ነው፤ የሞተው ፋኑን የሚያስነሣው ሪሌ የሚባለው የኤሌክትሪክ ማብሪያ ነው።

የራዲያተሩ ክዳን ጎማም ተሰነጣጥቆ ስለነበር አብሮ ተቀየረ። ይህ ክዳን ትንሽ ዕቃ ትመስላለች፤ ለእኛ ግን ትልቅ ነገር ናት። ውኃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ጅማ ባለችበት ከፍታ ግን በ94 ዲግሪ ገደማ መፍላት ይጀምራል። ክዳኑ ግፊቱን አምቆ ካልያዘ ውኃው ቶሎ ይፈላል፣ መኪናውም «ይሞቃል»። ለሪሌው፣ ለክዳኑና ለእጅ ዋጋ በጠቅላላ የከፈልኩት 5,800 ብር ነው። ከዚያ ወዲህ የአበልቲን ዳገት ሁለት ጊዜ ወጥቼዋለሁ፤ መርፌው ከመሃል አላለፈም።

የባልደረባዬ ታሪክ ይብሳል። እሱ በቃል 35,000 ብር ተባለና «ይከፈት» አለ። ሞተሩ ከተከፈተ በኋላ «ቫልቮቹም ተበልተዋል» ተባለ፣ ቀጥሎ ፒስተን፣ ቀጥሎ ሌላ። ሒሳቡ 92,000 ደረሰ። እምቢ ብሎ እንዳይወስደው መኪናው አይንቀሳቀስም፤ ሌላ መካኒክም በሰው እጅ የተበተነ ሞተር መረከብ አይወድም። መኪናው ከተከፈተ በኋላ የመደራደር አቅም የለንም። ስለዚህ መጠየቅ ያለብንን ሁሉ ከዚያ በፊት እንጠይቅ።

እኔ ዛሬ ጋራዥ ብገባ ይህን አደርጋለሁ። ለምርመራው ብቻ ስንት እንደምከፍል አስቀድሜ እስማማለሁ፤ መርምሮ ለነገረኝ ሰው ድካሙን መክፈል ተገቢ ነው። ከዚያ የእጅ ዋጋና የመለዋወጫ ዋጋ ለየብቻ እንዲጻፍልኝ፣ እያንዳንዱ ዕቃ ኦሪጅናል መሆን አለመሆኑም እንዲገለጽ እጠይቃለሁ። ዕቃውን ራሴ ቢያንስ ሁለት ሱቅ ጠይቄ እገዛለሁ። «ከእገሌ ሱቅ ካልሆነ አልሠራም» የሚለኝ ካለ ኮሚሽን እንዳለበት እጠረጥራለሁ። የተቀየረው አሮጌ ዕቃ በእጄ እንዲሰጠኝ ከመጀመሪያው አስታውቃለሁ። «ሲከፈት ሌላ ችግር ቢገኝ ደውላችሁ ሳታስፈቅዱኝ እንዳትነኩ» የሚለውም በወረቀቱ ላይ ይጻፋል። ደረሰኝ ደግሞ የግድ ነው፤ ያለ ደረሰኝ የትም ሄዳችሁ መከራከር ይከብዳችኋል።

አደራ፣ ይህን አንብባችሁ እውነተኛውን ብልሽት ችላ እንዳትሉ። በመለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ራሱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ፣ ጭስ ማውጫው ሞተሩ ከጋለም በኋላ ነጭ ጭስ ካላቋረጠ፣ ወይም የሚያፈስ ቦታ ሳይታይ ውኃው በየቀኑ የሚጎድል ከሆነ ማሸጊያው በእርግጥ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ያኔ መኪናውን ባትነዱት ይሻላል። የጋለ ራዲያተር ክዳንም በፍጹም አትክፈቱ፤ ፊት ያቃጥላል።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ለደረሰበት ጉዳትም ካሳ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ጋራዥ የሚሰጠውም አገልግሎት ነው። ከ15,000 ብር ቀብዴ ዘጠኝ ቀን ተመላልሼ 11,000 ብር ተመልሶልኛል፤ 4,000 ብሩን «ለምርመራ ተይዟል» ብለው አስቀርተውታል። ስለ ምርመራ ክፍያ ግን ማንም አልነገረኝም፣ በወረቀቱ ላይም የለም። ወረቀቱን ከቀብድ ደረሰኙ ጋር አያይዤ ባለፈው ሰኞ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። እናንተም ተመሳሳይ ወረቀት በእጃችሁ ካለ አትጣሉት፣ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡት፤ ከእኔ ማመልከቻ ጋር አብረን ብናቀርበው የአንድ ሰው ቅሬታ ነው ተብሎ አይታለፍም።