የፒካፔን ኋላ ዝቅ ላደረጉልኝ መካኒክ ምስጋና፣ ተሳቢ ለምትጎትቱም ጥቆማ

ሰላም ወገኖች። ይህን የምጽፈው አንድ ባለሙያ በአደባባይ ሊመሰገኑ ስለሚገባ ነው። በአሮጌ ከባድ ፒካፕ ተሳቢ የምትጎትቱ ካላችሁ ደግሞ ጥቆማም ይሁናችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

መኪናዬ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ፒካፕ ነው። ፎር ባይ ፎር፣ ባለ 8 ብሎን ቸርኬ፣ ከኋላ ወፍራም ባሌስትራ (ጭነት የሚሸከም ተደራራቢ የብረት ንጣፍ) ያለው። ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ሻንሲውም ዝገት አልነካውም፣ ስለዚህ የመቀየር ሐሳብ የለኝም። ያስቸገረኝ የኋላው ቁመት ነበር። እንዲህ ያሉ መኪኖች ባዷቸውን ሲቆሙ ኋላቸው ከፍ ይላል፤ ጭነት ሲያርፍባቸው ወርደው እንዲስተካከሉ ታስቦ ነው። የኔው ግን ጭነትም አርፎበት ከፍ እንዳለ ነበር። ተሳቢዬ ካሶኒው (የኋላው የዕቃ መጫኛ) ውስጥ ከአክስሉ፣ ማለትም ከጎማዎቹ ዘንግ በላይ በተገጠመ መያዣ ላይ የሚቀመጥ ዓይነት ነው። ሲያያዝ አፍንጫው ቀና፣ ኋላው ዘቅዘቅ ይላል።

ይህ የመልክ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ሁለት አክስል ያለው ተሳቢ አፍንጫውን ቀና ሲያደርግ ክብደቱ ወደ ኋለኛው አክስል ይሄዳል። የኋላ ጎማዎቹ ከድርሻቸው በላይ ይሸከማሉ፣ ይግላሉ፣ ቶሎ ያልቃሉ። የፊተኞቹ ደግሞ ስለሚቀላቸው ፍሬን ሲያዝ መሬቱን በደንብ አይቆነጥጡም። ከመንገድ ወጥቼ ጎማዎቹን በእጄ ስዳስሳቸው የፊተኛውና የኋለኛው ሙቀት ለየቅል ነበር።

ምክር በሽ በሽ ነው። አንዱ «ተሳቢውን ከፍ አድርገው» ይላል። ያደርጉታል፣ ይሠራልም፣ ግን አስቀድሞም ረጅም የሆነ ተሳቢ ላይ ቁመት መጨመር ማለት በኩርባና በነፋስ ይበልጥ የሚወዛወዝ ነገር ይዞ መሄድ ነው። ሌላው «መያዣውን ዝቅ አድርገው» ይላል። ይሄኛው ጭራሽ አይሆንም፣ ምክንያቱም የተሳቢው ሆድ ወደ ካሶኒው ስፖንዳ (የጎን ግድግዳ) ይጠጋል፣ ጉብታ ላይ ሲወጣ ይጋጫሉ። ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ ደግሞ ከባሌስትራው ንጣፎች ሁለቱን አውጥቼ ልስጥህ አለኝ። ይወርዳል አዎ። ግን የመሸከም አቅሙም አብሮ ይወርዳል። ለሚጎትት መኪና እንዲህ ያለ ሐሳብ መቅረቡ ራሱ ያናድደኛል፣ ጉዳቱ የሚታየው ጭነህ ቁልቁለት ላይ ስትሆን ነው።

እኚህን ባለሙያ ያገኘሁት በወዳጅ ጥቆማ ነው። በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። መኪናውን ብቻ ይዤ ብሄድ «ተሳቢውስ?» ብለው መለሱኝ። እንደምትጓዝበት አድርገህ ጭነህ አምጣው አሉኝ። አመጣሁት።

ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት ሜትርና ውሃ ልክ አወጡ። ከእያንዳንዱ ጎማ መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ቁመት ለኩ፣ አራቱንም። ተሳቢው ተያይዞ አንድ ጊዜ፣ ተፈቶ አንድ ጊዜ። ቁጥሮቹን በጠመኔ ሲሚንቶው ላይ፣ እያንዳንዱን በየጎማው ሥር ጻፏቸው። ከዚያ ውሃ ልኩን በተሳቢው ሻንሲ ላይ አስቀምጠው አረፋው የት እንደቆመ አሳዩኝ። ቀጥሎ ምድር ሚዛን ላኩኝ፤ በየአክስሉ ለይተህ አስመዝን አሉ። በዚህ ዓይነት አያያዝ ከተሳቢው ክብደት ከ15 እስከ 25 በመቶው መኪናው ላይ ያርፋል። የኔ ተሳቢ ተጭኖ ወደ 5,000 ኪሎ ነው፣ እና ወደ 1,000 ኪሎ ካሶኒው ላይ ይቀመጣል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ሳያውቁ ስንት ሴንቲ ይውረድ ብሎ መወሰን አይቻልም አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው።

ከዚያ ሥሩ አስገብተው መፍትሔውን አሳዩኝ። በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል ብሎክ የሚሉት ድፍን ብረት አለ። የኔው 10 ሴንቲ ገደማ ይሆናል።

«ልጄ፣ ጭነት የሚሸከመው ባሌስትራው ነው። ይሄ ብረት ሥራው ቁመት መስጠት ብቻ ነው። ያንተ ችግር ደግሞ ቁመት ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ጋሼ፣ ጭራሽ ቢወጣስ?» አልኳቸው። በጠመኔ ወደጻፉት ቁጥር ወሰዱኝ። ሙሉውን ቢያወጡት ባዶውን ያምራል፣ ሲጫን ግን ኋላው ከፊቱ በታች ይወርዳል፤ ያኔ የፊት ጎማዎች ይቀላሉ፣ መሪውም ይላላል። አክስሉም ሻንሲው ሥር ካለው ጎሚኒ (ግጭት ማብረጃ ጎማ) ጋር ቶሎ ቶሎ ይጋጫል። ስለዚህ የ10ሩን በ5 ተኩ፣ ባሌስትራውን አልነኩትም።

ሥራው ሲወራ ቀላል ይመስላል። ብሎክ ቀይሮ ማሰር ነው። ግን እነዚያ የዩ ቅርጽ ያላቸው ረጃጅም ብሎኖች አሉ አይደል፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ጠፍረው የሚይዙት፣ እነሱ ለድሮው ቁመት የተሠሩ ናቸው። ብሎኩ ሲያጥር ጥርሱ ያልቅና ዳዶው ለስላሳው ብረት ላይ ይቆማል። የጠበቀ ይመስላል፣ አልጠበቀም። አንዳንዱ ወፍራም ሮንዴላ ደራርቦ ያልፈዋል። እሳቸው በልኩ አዲስ አስገቡ። አንዴ ተወጥሮ የተፈታ እንዲህ ያለ ብሎን ደግሜ አላስርም አሉ፣ ቢረዝም እንኳ።

አንዲት ነገር በቅርብ ላሳያችሁ። በባሌስትራው መሃል ንጣፎቹን አንድ ላይ የሚይዝ ብሎን አለ። የዚህ ብሎን ጭንቅላት ከታች ካለው የብሎኩ ቀዳዳ ውስጥ መግባት አለበት፣ ብሎኩም ከሥሩ ያለችውን እንጥል አክስሉ ላይ ወዳለው ቀዳዳ ማስገባት አለበት። አክስሉን ቦታው ላይ የምታቆየው ይህቺ ናት። ቀዳዳዎቹ በጭቃና በዝገት ተደፍነው ነበር። በሽቦ ብሩሽ ፍቀው፣ ጣታቸውን አስገብተው ዙሪያውን ዳሰሱ፣ ከዚያ ባትሪ አብርተው እኔም እንዳይ ጠሩኝ። ሲገጥም ቀጭ የምትል ድምፅ አለች። ያቺን እስኪሰሙ ድረስ አንድም ዳዶ አላጠበቁም። ያጠበቁትም መኪናው በጎማው መሬት ላይ ቆሞ፣ በሰያፍ እያፈራረቁ፣ ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ ነው።

ከዚያ ማዕዘኑ። የኋላው ቁመት ሲለወጥ ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ትራስሚሽን (ኃይል አስተላላፊው የሚሽከረከር ዘንግ) አቀማመጡ ይለወጣል። አንዳንዱ ብሎክ ደግሞ ራሱ ሰያፍ ስለሆነ፣ ሲቀየር የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይዞራል። በሁለቱ ጫፎች ያሉት ክሮቼራዎች (ተጣጣፊ መገጣጠሚያዎች) ማዕዘናቸው ካልተመጣጠነ መኪናው ፍጥነት ሲይዝ ይንቀጠቀጣል፣ ክሮቼራውም ይበላል። በማዕዘን መለኪያ ፊትና ኋላውን ለክተው ልዩነቱን በቀጭን የብረት ሽብልቅ አስተካከሉት። አሉሚኒየሙ ርካሽ ነው፣ ከባድ ጭነት ሥር ግን ይሰነጠቃል ብለው ብረቱን መረጡ። አሁን ንዝረት የሚባል የለም።

ይበልጥ ያከበርኳቸው ግን በፍሬኑ ነው። ብዙ አሮጌ ጭነት ተሸካሚ መኪኖች ላይ ከአክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ። ኋላው ሲወርድ «ተጭኗል» ብሎ ለኋላ ጎማዎች የፍሬን ግፊት ይጨምራል፣ ሲነሳ ይቀንሳል። እንግዲህ አስቡት። መኪናውን 5 ሴንቲ ዝቅ ስታደርጉት ቫልቩ ባዶውን መኪና የተጫነ አድርጎ ያየዋል። ዝናብ በዘነበበት አስፋልት ላይ ባዶህን ፍሬን ስትይዝ የኋላ ጎማዎችህ ይቆልፋሉ። ይህን ቀደም ብዬ ካማከርኳቸው ሰዎች አንድም ያነሳልኝ አልነበረም። እሳቸው ሳልጠይቃቸው የዘንጉን ማያያዣ በዚያው ልክ አስተካከሉት፣ ከዚያ ባዶ ሜዳ ላይ ወስደው ደጋግመው ፍሬን ይዘው ሞከሩት። የፍሬኑንም ጎማ ቱቦ ላልቶ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ላይ እንዳያርፍ አሰሩት።

ሾክ አብዞርበሮቹ እንዲቀየሩ ፈልጌ ነበር። ለክተው፣ አክስሉ እስከ ጎሚኒው ቢወጣ እንኳ መጨረሻቸው ላይ እንደማይደርሱ አሳይተው፣ «ጤነኛ ናቸው፣ ተዋቸው» አሉ። መሸጥ ይችሉ ነበር።

መጨረሻ ላይ የፊት መብራት። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል 3.9 ሜትር አለ፤ ኋላው 5 ሴንቲ ሲወርድ መብራቱ 10 ሜትር ርቀት ላይ 13 ሴንቲ ገደማ ወደ ላይ ይነሳል። የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል ማለት ነው። ግድግዳ ፊት አቁመው አስተካከሉት።

አሁን ተሳቢው ሲያያዝ አረፋው መሃል ላይ ይቆማል። የአራቱም የተሳቢ ጎማ ሙቀት ተቀራራቢ ነው። መሪው ረጋ ብሏል፣ ትልልቅ መኪኖች ሲያልፉኝ እንደ ድሮው አያስጨንቀኝም። ባዶውን ሲሄድ ግን አሁንም ይነጥራል፤ ባሌስትራው ያው ስለሆነ ይህ እንደማይለወጥ አስቀድመው ነግረውኛል። ምቾት ፈልጋችሁ ከሆነ መልሱ ይህ አይደለም።

ጋሼ፣ ይህ ጽሁፍ ከደረሰዎት ከልብ አመሰግናለሁ። እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ቤተሰቤን ይዤ በሰላም የምጓዘው በርስዎ ጥንቃቄ ነው።

ለምትፈልጓቸው፦ ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ወረፋ አለ፣ ተራ አያስዘልሉም። መኪና ሥር ሲሆኑ ስልክ አያነሱም፣ ማታ ደውሉ። ለዓይን እንዲያምር ብቻ የባሌስትራ ንጣፍ ይውጣልኝ ብትሏቸው አይሠሩላችሁም። ስትሄዱ ተሳቢውን ጭናችሁ፣ የጎማ ነፋሱን በልኩ ሞልታችሁ ሂዱ፣ ካልሆነ ልኬቱ ስለሚሳሳት ይመልሷችኋል። ከሥራው በኋላም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከነዳችሁ ብሎኖቹን ዳግም ለማጥበቅ ተመለሱ ይላሉ። ለዚያ ተጨማሪ አያስከፍሉም፣ ቀርታችሁ እንደሆነም ራሳቸው ደውለው ይጠሯችኋል፤ እኔን ጠርተውኛል።