የራብሃ ወይስ የቦዶ ጥለት?

ራብሃና ቦዶ በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ በአሳም ግዛት የሚኖሩ ጎረቤታም ሕዝቦች ናቸው። በሁለቱም ዘንድ ሸማኔዋ ሴት ናት። የቦዶ ሴት ዶኽና የተባለውን አንድ ወጥ ሸማ ከደረቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ትጠመጠመዋለች። የራብሃዋ ግን ሁለት ትለብሳለች፤ ሪፋን ከወገብ በታች፣ ካምባንግ ከላይ።

ጥለቱን ቀረብ ብለን ብናየው የሁለቱም አሠራር ከእኛ ጥበብ ጋር ይዛመዳል። ከመሠረቱ ማግ ሌላ ባለቀለም ማግ፣ ጌጡ በሚወጣበት ቦታ ብቻ፣ በድሩ መካከል ይገባል። ድርና ማግ እንደ መርፌ ክር እንዳሻቸው ስለማይዞሩ የአበባው ጠርዝ እንኳ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ነው የሚወጣው። ራብሃዎች ይህን አይሸሽጉትም፤ አበባውን ከማዕዘናማ ቅርጾች ጎን ያሰልፉታል። ቦዶዎች ደግሞ ጥለታቸውን አጎር ብለው ለየዓይነቱ ስም ያወጣሉ፦ ተራራ፣ የርግብ ዓይን፣ የወፍ ዱካ።

ዝናው የቦዶ ነው፤ ዶኽና በ2024 በሕንድ የመልክዓ ምድራዊ መለያ (ምርቱ የየትኛው አካባቢ እንደሆነ የሚያረጋግጥ ሕጋዊ እውቅና) ምዝገባ አግኝቷል። ለእኔ ግን የራብሃው ይበልጣል። ሁለት ጨርቅ በመሆኑ የላዩን ቀለም ከታቹ ጋር ማዛመድ ይቻላል፤ መጠምጠሙን ለማያውቅ ሰውም ይቀላል።