የጭልፊት መከታተያ ለምትገዙ፦ ሬዲዮ፣ ጂፒኤስ ወይስ ባለ ሲም ካርድ?

በየዓመቱ ሙቀቱ ጋብ ማለት ሲጀምር፣ ጭልፊቶቹም ላባቸውን ለውጠው ሲጨርሱ፣ ስልኬ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይጨናነቃል። እዚህ ኤምሬትስ ውስጥ በአል ዓይንና በዱባይ ዙሪያ ባሉ እርሻዎች ጭልፊት የምንንከባከብ ኢትዮጵያውያን እርስ በርስ እንተዋወቃለን። አሠሪው ገንዘብ ቆጥሮ ይሰጥና "መከታተያ ገዝተህ ና" ይላል። የሚላከው ሰው ብዙ ጊዜ ዕቃውን በእጁ ይዞት አያውቅም፤ ጭልፊቱ ከአሸዋው ክምር ማዶ የቀረ ቀን ግን የሚጠየቀው እሱ ነው።

ባለፈው ወቅት አንድ ወንድማችን ላይ የደረሰው ይህን እንድጽፍ ገፋፋኝ። ሻጩ "የትም ብትሆን ከስልክህ ላይ ታየዋለህ" ብሎ ባለ ሲም ካርድ መከታተያ ሸጠለት። ጭልፊቱ የጠፋው ኔትወርክ በሌለበት በረሃ ነበር። ካርታው ላይ ያለው ነጥብ ጭልፊቱ ከሰዓታት በፊት የነበረበት ቦታ ላይ ቆሞ ቀረ። ሁለት ቀን ተፈለገ፤ አልተገኘም። የጭልፊቱ ዋጋ በአስር ሺዎች ድርሃም የሚቆጠር ነበር፤ መከታተያው የተገዛው በ350 ድርሃም ነው።

እኔ የማምነው በድምፅ የሚመራውን ተራ ሬዲዮ ነው። ጂፒኤስ ያለው ጥሩ ዕቃ ነው፤ ገንዘብ ከተረፈ በሬዲዮው ላይ ይጨመር። በሲም ካርድ ብቻ የሚሠራውን ግን በነፃ ቢሰጡኝም ጭልፊት ላይ አላስረውም።

በመጀመሪያ አንድ የሚያምታታ ነገር ላጥራ። ብዙ ሰው ጂፒኤስና ባለ ሲም ካርድ አንድ ይመስሉታል። ለጭልፊት ተብለው የሚሠሩት የጂፒኤስ መከታተያዎች፣ ለምሳሌ በአሜሪካ ዩታ የሚገኘው ማርሻልና የስፔኑ ማይክሮሴንሶሪ የሚያመርቷቸው፣ ቦታቸውን ከሳተላይት ካወቁ በኋላ በራሳቸው ሬዲዮ ሞገድ እናንተ እጅ ወዳለው ተቀባይ ይልካሉ፤ ተቀባዩ ደግሞ ወደ ስልኩ ካርታ ያሻግረዋል። የስልክ ኔትወርክ አያስፈልጋቸውም። ባለ ሲም ካርዱ ግን ቦታውን የሚልከው በስልክ ኩባንያ ማማ በኩል ነው። ሻጮች ሁለቱንም "ጂፒኤስ" ብለው ይጠሩዋቸዋል፤ ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት "ሲም ካርድ ይገባበታል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ይገባበታል ካሉ፣ ለግመልና ለመኪና ይሆን ይሆናል። እዚህ አገር የዱር አደን የተከለከለ በመሆኑ፣ እንደ አል ማርዙም ካሉ ለአደን ከተፈቀዱ ጥብቅ ቦታዎች ሌላ፣ አሠሪዎቻችን ሁባራ የተባለውን የበረሃ ወፍ ፍለጋ የሚጓዙት ወደ ኡዝቤኪስታን፣ ወደ ካዛኪስታን፣ ወደ ሞሮኮ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ማማ ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ዋናው ክርክር። ተራው ሬዲዮ ጭልፊቱ ላይ ከታሰረው ትንሽ አስተላላፊ "ቲክ፣ ቲክ" የሚል ምልክት ይልካል፤ እናንተ ሦስት ክንድ ያለውን ተጣጣፊ አንቴና ይዛችሁ ድምፁ ወደሚጎላበት ትሄዳላችሁ። ጂፒኤሱ ግን ነጥቡን ካርታ ላይ ያሳያል። ሱቅ ውስጥ ሲታይ ጂፒኤሱ ያሸንፋል። ሜዳ ላይ ግን ጭልፊቱ አድኖ መሬት ላይ ሲቀመጥ፣ አንቴናው አሸዋ ሲነካ፣ ሁለቱም ርቀታቸው ክፉኛ ይቀንሳል። በአየር ላይ ሳለ በአስር ኪሎ ሜትሮች ርቀት ይሰማ የነበረው አንድና ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ እንኳ ሊጠፋ ይችላል። ልዩነቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የጂፒኤስ መልእክት ሙሉ ሆኖ ካልደረሰ አይነበብም። የሬዲዮው ምልክት ግን ከጩኸት ሥር ተቀብሮ እንኳ ጆሮ ይለየዋል። ከክምሩ ጫፍ ላይ ቆሞ አንቴናውን ቀስ እያደረገ የሚያዞር ሰው፣ በጣም የሳሳችውን ምት ሰምቶ "በዚያ በኩል ነው" ሊል ይችላል። አቅጣጫ ከተገኘ ደግሞ ቀሪው መንገድ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሌሊቱ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ያልተገኘ ጭልፊት ያደረበት ቦታ ይቆያል፤ ጠዋት መሬቱ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ይነሳና ይርቃል። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ሥሩ መድረስ አለባችሁ። ቦታውን በየሴኮንዱ እንዲልክ የተደረገ፣ በቻርጅ የሚሠራ ጂፒኤስ ሌሊቱን ላይዘልቅ ይችላል። በትንሿ ክብ ባትሪ የሚሠራው ተራ አስተላላፊ ግን፣ ደኅና ከሆነ፣ ከሳምንት በላይ ይጮኻል። ከሜዳ ተደውሎ "ስልኩ ላይ ምንም አይታይም" ሲባል የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ቻርጅ መቼ እንደተደረገ ነው።

ዋጋውን ደግሞ በዝርዝር እንየው፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እዚህ ሲጠየቅ የምሰማው በግምት እንዲህ ነው። ስም ያለው አምራች የሠራው ተራ አስተላላፊ ከ600 እስከ 900 ድርሃም፤ አዲስ ተቀባይ ከነአንቴናው ከ2,000 እስከ 3,500። ጂፒኤስ አስተላላፊ ከ1,500 ጀምሮ ወደ 2,000 ይጠጋል፤ የእሱ ተቀባይ ደግሞ ለብቻው ነው። ይህን አስተውሉ፤ ተቀባይ የሚገዛው አንዴ ነው፣ አስተላላፊ ግን ይጠፋል። ጭልፊቱ ተገኝቶ አስተላላፊው ከላባው ጋር ወድቆ የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው። አንድ ተራ አስተላላፊ መጥፋት ያናድዳል፤ አንድ ጂፒኤስ መጥፋት የአንዳንዶቻችን የወር ደመወዝ ነው። ባለ ሲም ካርዱ በመጀመሪያ ርካሽ ይመስላል፤ የወር ክፍያው፣ ለመተግበሪያው በየዓመቱ የሚጠየቀው ገንዘብ፣ ወደ ሌላ አገር ሲኬድ የሚቆረጠው ሲደመር ሁለት ወቅት ሳይሞላ የሬዲዮውን ዋጋ ይስተካከላል።

ከውጭ በቀጥታ የሚያስመጣ ሰው ደግሞ ቀረጡን አስቀድሞ ይደምር። ከነማጓጓዣው 3,000 ድርሃም የሚሆን ዕቃ ላይ 5 በመቶ ጉምሩክ ሲጨመር 3,150 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብ 3,307 ከግማሽ። ዱባይ ውስጥ ያለ ሱቅ 3,300 ሲላችሁ ውድ ነው ብላችሁ አትውጡ፤ ቢበላሽ እዚያው ትመልሱታላችሁ።

ገንዘብ ለሚያጥረው የምመክረው ያገለገለ ተቀባይና አዲስ አስተላላፊ ነው። ጥሩ ተቀባይ በአግባቡ ከተያዘ ዓመታት ይቆያል፤ ያገለገለ ከ1,000 እስከ 1,500 ድርሃም ይገኛል። ስትገዙ የአንቴናውን ክንዶች አንድ በአንድ ነቅንቁ፣ ገመዱን ከተቀባዩ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ጠምዘዝ እያደረጋችሁ አድምጡ። ድምፁ ከተቆራረጠ ገመዱ ነው፤ ገመድ ርካሽ ስለሆነ ዋጋ አስቀንሱበት። የባትሪውን ቤት ክፈቱ፤ አረንጓዴ ዝገት ካለ ተዉት። ያገለገለ አስተላላፊ ግን አትግዙ። ስንት ጊዜ እንደወደቀ፣ ስንት ጊዜ ውኃ እንደገባበት ማንም አይነግራችሁም።

አስመስለው የተሠሩት ነገር እጅግ ያስቆጣኛል። በ150 እና በ200 ድርሃም የሚሸጡ፣ ከውጭ ሲታዩ ከዋናው የማይለዩ አስተላላፊዎች በየቦታው አሉ። ሱቅ ውስጥ ሲሞከሩ ጥርት ብለው ይጮኻሉ፤ ከተቀባዩ በሁለት ሜትር ርቀት ምን የማይጮኽ አለ? በሽታቸው ሦስት ነው። ፍሪኩዌንሲያቸው፣ ማለትም የሚልኩበት የሞገድ ቁጥር፣ ከሙቀቱ ጋር ይንሸራተታል፤ ጠዋት በብርዱ ያገኛችሁት ቁጥር ላይ ቀትር ስትፈልጉት የለም። የአንቴናው ሽቦ ደረቅ ስለሆነ ሥሩ ላይ ይሰበራል፤ ጭልፊት ደግሞ ሽቦውን በመንቁሩ መጎተት ይወዳል። የባትሪው ክዳን ውኃ አይከለክልም፤ ጭልፊቱ አንዴ ከታጠበ ነገሩ አበቃ።

መፈተኛው ቀላል ነው። አስተላላፊውን አብርታችሁ ተቀባዩ ላይ በጣም የጎላበትን ቁጥር ጻፉ። ከዚያ በፌስታል ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ሲወጣ ቁጥሩ ትንሽ ቢነቃነቅ ምንም አይደል፤ ርቆ ሄዶ ፍለጋ ካስፈለገ ግን መልሱት። ቀጥሎ በእጅ ከፍ አድርጋችሁ ሳይሆን አሸዋ ላይ አስተኝታችሁ አንድ ኪሎ ሜትር ሂዱና አድምጡ። ዕቃው ከመታሰሩ በፊት ይህን ያላየ ሰው ምን እንደገዛ አያውቅም።

የተሰበረውን ለማስጠገን ወደ ሞባይል ጠጋኝ መሄድ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። አንድ ሱቅ የአንቴና ሽቦ በካውያ በይዶ መለሰልኝ፤ ሥራው ለዓይን ያማረ ነበር። ሽቦው ግን ከዋናው በአራት ጣት ያጥራል። የአንቴና ርዝመት ከሞገዱ ጋር የተሰላ ነው፤ ባጠረ ቁጥር ርቀቱ ይቀንሳል። "ሽቦ ሽቦ ነው" አለኝ። 120 ድርሃሜን አልመለሰም። አምራቹ ትክክለኛውን ሽቦ የሚሸጥ ወይም ልካችሁለት የሚቀይር መሆኑን ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ፤ እኔ ከሌላው ገለጻ ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ።

ባትሪም እንዲሁ። ብዙ ትናንሽ አስተላላፊዎች የሚወስዱት 392 የሚባለውን የብር ኦክሳይድ ባትሪ ነው፤ ሌላ ስሙ ኤስአር41 ነው። በካርቶን ተደርድሮ በጥቂት ድርሃም የሚሸጠው ኤልአር41 በመጠን አንድ ነው፣ ይገባልም። ግን አልካላይን ስለሆነ ጉልበቱ ቶሎ ይወርዳል። በሁለት ድርሃም ቁጠባ የሚጠፋ ጭልፊት አለ።

ስለ ፍሪኩዌንሲ ብዙ አልልም፤ ግን ያለ እሱ ሁሉም ከንቱ ነው። እዚህ በብዛት የማየው 216 ሜጋኸርዝ ነው፤ ከአውሮፓ የሚመጡት ብዙዎቹ 433 እና 434 ናቸው፤ እንግሊዝ ደግሞ 173 ትጠቀማለች። የ434 ተቀባይ የ216 አስተላላፊን አይሰማም። "ከአውሮፓ በግማሽ ዋጋ አገኘሁ" የሚል ሰው ሁሉ ይህን ይይ። የ434 አንቴና በግማሽ ያህል ስለሚያንስ ለመያዝ ይመቻል፤ ነገር ግን የመኪና ቁልፍና የግቢ በር መክፈቻ የሚሠሩት በዚያው አካባቢ ስለሆነ ከተማ ዳር ሁካታ ይበዛበታል። አብረዋችሁ የሚወጡት ሰዎች የሚጠቀሙበትን ሞገድ ግዙ፤ ጭልፊት ሲጠፋ ሌላ ተቀባይ ያለው ሰው በሌላ በኩል ቆሞ ሊያግዛችሁ ይችላል። ቁጥሩ ግን በትክክል አንድ እንዳይሆን፤ የማንን ጭልፊት እንደምትከተሉ አታውቁም።

ሻጮች ስለ አስተላላፊው ኃይል የሚያወሩትን ደግሞ ቀንሳችሁ ስሙ። ኃይሉ እጥፍ ቢሆን ርቀቱ እጥፍ አይሆንም፤ ክፍት አየር ላይ እንኳ የሚጨምረው 40 በመቶ ገደማ ነው፤ ባትሪውን ግን ቶሎ ይጨርሳል። ለዚያ ጭማሪ 300 ድርሃም ከመክፈል መኪናውን ከፍ ወዳለ ቦታ መንዳት ይሻላል።

ስለ ማሰሪያው፦ የጭራ ማሰሪያ አንቴናውን ከመሬት ያርቃል፣ በረራም አያውክም፤ ስለዚህ እሱን እመርጣለሁ። መካከለኛዎቹ ሁለት የጭራ ላባዎች ገና ያላደጉና ደም ያላቸው ከሆኑ ግን አይነኩ፤ እስኪጠኑ ድረስ እግር ላይ ይታሰር። ክብደቱ ከነማሰሪያው ከጭልፊቱ ክብደት 3 በመቶ እንዳያልፍ የሚባለው የላይኛው ጣሪያ ነው። ለጭራ ከዚያ በጣም ያነሰ መሆን አለበት። አንድ ኪሎ ለምትመዝን ሴት ሳከር (ትልቅ የጭልፊት ዝርያ) አስር ግራም አካባቢ ቢሆን አይከብዳትም፤ ለትንሽ ወንድ ሻሂን (ፔሬግሪን የሚባለው ጭልፊት) ግን ከባዱን ጂፒኤስ አታስሩ፣ ቀላሉን ተራ አስተላላፊ አድርጉለት።

እንግዲህ አሠሪው የሰጠው 2,500 ድርሃም ከሆነ፣ ያገለገለ ጥሩ ተቀባይና አንድ አዲስ ተራ አስተላላፊ። 4,500 ከሆነ፣ አዲስ ተቀባይና ሁለት ተራ አስተላላፊ፣ አንዱ ጭራ ላይ አንዱ እግር ላይ፣ ሁለቱም በተለያየ ቁጥር። ከዚያ በላይ ከሆነና ጭልፊቷ ትልቅ ከሆነች፣ ጂፒኤሱን ጭራ ላይ፣ ተራውን እግር ላይ አድርጉ፤ በካርታው ቀርባችሁ በድምፁ ታነሷታላችሁ። ውድድርና ልምምድ ብቻ የሚያደርግ፣ ጭልፊቱን አራት መቶ ሜትር ወደ ማባበያው የሚያስበር ሰው ግን ጂፒኤስ አያስፈልገውም፤ አንድ ተራ አስተላላፊ ይበቃዋል፣ በተረፈው ገንዘብ መለዋወጫ ሽቦና ሙሉ የኤስአር41 እሽግ ይግዛ።