ቡችላዬ ተቅማጥ ሲይዛት የወሰድኳት ክሊኒክ

ሚጣን የተቀበልኳት በ5 ሳምንቷ ነው። መዳፌ ላይ ትተኛለች። አሳዘነችኝና የላም ወተት ሰጠኋት። በማግስቱ ተቅማጥ ጀመራት። ሌሊቱን ቀና ማለት እንኳ አቃታት።

ጠዋት በባጃጅ ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ወዳለች ትንሽ የእንስሳት ክሊኒክ ይዣት ከነፍኩ። ሐኪሟ ድዷን አየች። ቆዳዋን ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቶሎ አልተመለሰም። ውሃ አጥሯታል ማለት ነው። ሰገራዋን በማይክሮስኮፕ ስታየው ወስፋት ተገኘ። ወተቱም አባብሶታል፤ የቡችላ ሆድ የላም ወተት ስኳርን በደንብ አይፈጭም።

የወስፋቱን መድኃኒት በክብደቷ ልክ ሰጠቻት። ኦአርኤስ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ጠብ ጠብ እያደረግኩ እንዳጠጣት አሳየችኝ። «እህቴ፣ የሰው የተቅማጥ መድኃኒት እንዳትሰጫት። ደም ካየሽ ወይም ካስመለሳት ሳትውይ ሳታድሪ አምጫት» አለችኝ። ለዚህ ጥንቃቄዋ ብቻ ደግሜ እሄዳለሁ።

ያልወደድኩት ማረፊያውን ነው። ያልተከተቡ ቡችሎችና የታመሙ ትላልቅ ውሾች ተጠጋግተው ይጠብቃሉ። ፓርቮ የሚባለው ቡችሎችን የሚገድል የቫይረስ ተቅማጥ እንዲህ ነው የሚዛመተው! ሚጣን ከጋቢዬ አላወጣኋትም።

ጨው የሌለው ሩዝና የተቀቀለ ዶሮ በትንሽ በትንሹ ሰጠኋት። በ3ኛው ቀን ሰገራዋ ጠጠር አለ። ከ2 ሳምንት በኋላ ለሁለተኛው የወስፋት መድኃኒት እንመለሳለን።