ለቤት ውስጥ ጥንቸል የሽንት መምጠጫና ሳጥን፦ የትኛው ይሻላል?

ጥንቸል ራሷ አትሸትም። ሰውነቷን ስትልስ ነው የምትውለው፤ በጠጧም የተፈጨ ሣር ስለሆነ ደረቅ ነው፣ ብዙም አይሸትም። ቤት የሚያሸተው ሽንቷ ነው። በሽንቱ ውስጥ ያለው ዩሪያ በባክቴሪያ ወደ አሞኒያ ሲለወጥ ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ይመጣል። ስለዚህ ገንዘብ መውጣት ያለበት ሽንቱን ቶሎ መጥጦ ለሚይዝ ነገር እንጂ ሽቶ ለተጨመረበት አይደለም። ሽቶው ከእኛ ይደብቀው እንደሆነ እንጂ አሞኒያው እዚያው ነው፤ የጥንቸሏ አፍንጫ ደግሞ ከምትጸዳዳበት ሳጥን ወለል ብዙም አይርቅም።

የወረቀት ፔሌት ወይስ የእንጨት ፔሌት?

እውነተኛው ውድድር በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ሁለቱም እንደ ዶሮ መኖ ተጨምቀው የተቆራረጡ ናቸው። የወረቀቱ ለእግር ይለሰልሳል፣ አቧራው ትንሽ ነው፣ ጥቂት ቢበላም አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ገና ከእናቷ የተለየች፣ ያገኘችውን ሁሉ የምትቀምስ ጥንቸል ካለችዎት በዚህ ይጀምሩ። ድክመቱ ሲረጥብ መላሸቁ ነው፤ ሽታውም ከእንጨቱ ቀድሞ ስለሚወጣ ቶሎ ቶሎ መቀየር ይፈልጋል።

የእንጨቱ ፔሌት ሽንት ሲነካው ያብጥና ወደ ሰጋቱራነት ይፈርሳል። የትኛው ቦታ እንደረጠበ በዓይን ስለሚለይ ያንኑ ብቻ አፍሶ መጣል ይቻላል። አሞኒያን በመያዝ ከወረቀቱ ይሻላል። ጠንካራ ስለሆነ ግን ላዩ ላይ ድርቆሽ ማንጠፍ ያስፈልጋል። ለምድጃ ማገዶ የተሠራውም ያገለግላል፤ ማቀጣጠያ ወይም ሌላ ኬሚካል ያልተጨመረበት መሆኑን ግን ማሸጊያው ላይ ያንብቡ። ጥንቸሏ መቅመሷን ስትተው ወደዚህ ብትሻገሩ ይሻላል ባይ ነኝ። ድመት እንደምታደርገው ቆፍራ ስለማትቀብር ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መሙላት ብክነት ነው።

የቀሩትን በአጭሩ። ያልተጨመቀ ሰጋቱራ ይቦናል፤ በተለይ ሴዳር የሚባለው ዛፍና በሙቀት ያልደረቀ የጥድ ሰጋቱራ ደስ የሚለው ጠረኑ የሚመጣው ጉበትን ከሚያስቸግሩ ውህዶች ነው። ገለባ እንዳለ ሲነጠፍ አይመጥም፤ ተጨምቆ ፔሌት ሲሆን ግን ጥሩ ነው። ጋዜጣ ከድርቆሽ ሥር ለማንጠፍ እንጂ ለብቻው ሽታ አይችልም። ከበቆሎ ቆረቆንዳ የተሠራው ሲበላ አንጀት ሊዘጋ ይችላል። ሲረጥብ የሚጓጉለውን የድመት አሸዋ በፍጹም አይግዙ፦ ከእግሯ ላይ ስትልሰው ሆዷ ውስጥ ሊጓጉል ይችላል፣ ጥንቸል ደግሞ ማስመለስ አትችልም።

የጥግ ሳጥን፣ ክፍት ሳጥን፣ ክዳን ያለው

ጥግ ላይ የሚገባው ባለ ሦስት ማዕዘን ሳጥን ቦታ ስለማይፈጅ ያጓጓል። ችግሩ ጥንቸል ስትሸና ጅራቷን ቀና አድርጋ ወደ ኋላ መሄዷ ነው፤ ከወገቧ በታች ከሳጥኑ ውጭ ይቀርና ሽንቱ ከጠርዙ አልፎ ግድግዳውን ያገኘዋል። ባለቤቷ «ሳጥኑ ውስጥ ገብታ እኮ ነው፣ ወለሉ ለምን ይረጥባል?» ይላል። በዚያ ላይ በጥቂት ወራት ውስጥ ይጠብባታል። ለድመት የሚሸጠው ክፍት ሳጥን፣ አለዚያም ከፍ ያለ የፕላስቲክ ሳጥን አንድ ጎኑ ለመግቢያ ዝቅ ተደርጎ ተቆርጦ፣ ከዚህ ይበልጣል። መለኪያው ካደገች በኋላ ውስጡ ተዘርግታ መዞር መቻሏ ነው።

ክዳን ያለው ለሰው ዓይን ያምራል፤ አሞኒያውን ግን ለጥንቸሏ አፍኖ ያቆይላታል፣ የመተንፈሻ አካሏም ለሕመም ቅርብ ነው። ወለሉ ላይ ፍርግርግ ያለው ሳጥን እግሯ ሽንት እንዳይነካው ቢረዳም ውስጥ እግሯን ሊያቆስል፣ ሰፊ ቀዳዳ ከሆነም የትንሿን እግር ሊይዝ ስለሚችል እኔ አልመርጠውም።

ድርቆሹ የት ይቀመጥ ለሚለው፣ ጥንቸል እየበላች ትጸዳዳለች። መስቀያው ሳጥኑ ውስጥ ቁጭ ብላ ብቻ በምትደርስበት ቦታ ከሆነ ግማሹ ሥልጠና ያለቀ ያህል ነው። ድርቆሹን ሳጥኑ ጫፍ ላይ መከመርም ይሠራል፤ ብክነት ግን አለው።

ሥልጠናው፦ ቦታው ወይስ ዕድሜው?

በጠባብ ቦታ ይጀምሩ። ሳጥኑን እርስዎ በወደዱት ሳይሆን እሷ በመረጠችው ጥግ ያኑሩት። ሽንቷን የጠረጉበትን ሶፍትና ጥቂት በጠጥ ውስጡ ያስቀምጡ። ሲያጸዱም ከአሮጌው አንድ እፍኝ ይተዉ፤ ሁሉም ነገር ሙልጭ ብሎ ከታጠበ ቦታውን ትስታለች። መቆጣት ምንም አይፈይድም። የምትዘዋወርበት ቦታ ሲሰፋ ሁለተኛ ሳጥን ይጨምሩ።

ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜ ግን በደንብ የሠለጠነች የመሰለችውም ትለወጣለች። ወንዱ ሽንቱን ይረጫል፣ በጠጡን በየቦታው ይበትናል፤ ሴቷም ታደርገዋለች። የግዛት ምልክት ማድረጊያቸው ነው፣ ሽታውም ይከብዳል። እዚህ ላይ ሰው መምጠጫ በመምጠጫ ላይ ይቀያይራል፤ መፍትሔው ግን ያለው ጥንቸል የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ጋ ነው። ማምከን ነገሩን በአብዛኛው ያረጋጋዋል፣ ሆርሞኑ እስኪቀንስ ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል። ያልመከነች ሴት ጥንቸል ዕድሜዋ ሲገፋ በማኅፀን ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከፍተኛ መሆኑ ሌላ ምክንያት ነው።

ማጽጃ

የጥንቸል ሽንት ካልሲየም ይበዛዋል፤ ሳጥኑ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው ለዚህ ነው። ይህን ነጭ ኮምጣጤ ያህል የሚያስለቅቅ ነገር የለም፦ አፍስሶ ትንሽ ማቆየት፣ ፈግፍጎ በውሃ ማለቅለቅ። ምንጣፍ ውስጥ ለሰረገ ሽንት ኢንዛይም ያለበት ማጽጃ ይሻላል። በረኪና ሽንት ባለበት ላይ አይጨምሩ፤ ከአሞኒያው ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ሳጥኑ ንጹሕ ሆኖ ሽታ ካለ ወለሉን በደንብ ይዩት። እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ፣ የሚያብረቀርቅ ለስላሳ ኩስ ካገኙ፣ ያ ጥንቸሏ ራሷ መልሳ ልትበላው የሚገባ ነበር። ተትቶ ከተገኘ ብዙ ጊዜ የተመጣጠነ መኖው ወይም ጣፋጩ በዝቶባታል፣ አለዚያም ወፍራ ጎንበስ ማለት አቅቷታል። መምጠጫውን ከመቀየርዎ በፊት መኖውን ቀንሰው ድርቆሹን ያብዙላት።