የሩዝ ማሳ የውሃ መለኪያ ቱቦ፦ ዕቃው ይሠራል፣ ገዢው ግን ማነው?

የሩዝ ማሳ ሁልጊዜ ውሃ ከሚተኛበት፣ እየደረቀ እየጠጣ እንዲያድግ፣ ውሃው ከመሬቱ በታች የት እንደደረሰ የሚታይበት ዕቃ ነው። ዙሪያውን የተበሳሳ 30 ሳንቲሜትር የፒቪሲ (የፕላስቲክ) ቱቦ ቁራጭ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። የአፉ ስፋት ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ይሁን፤ ከጠበበ ውስጡ ያለውን ውሃ ጎንበስ ብሎ ማየት ያስቸግራል። መጋዝና ትራፓኖ ያለው ሰው ከትርፍራፊ ቱቦ ስለሚሠራው፣ ለፋብሪካው ዕቃ ብዙ መክፈል አያዋጣም። ቀርከሃም ይሆናል።

15 ሳንቲሜትሩን መሬት ውስጥ ቀብሮ ወደ ውስጥ የገባውን አፈር እስከ ታች ጠርጎ ማውጣት ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው፦ ቱቦው ሲመታ ጭቃው ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ማሳው ከጠጣ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ የውስጡና የውጭው ውሃ እኩል ካልሆነ፣ ነቅሎ አጥቦ እንደገና መትከል ያስፈልጋል። ማረሻ ከሚደርስበት በታች ያለውን ጠጣር ንብርብር ግን አይብሳ፤ ውሃው በዚያ ይሰርጋል።

ችግኙ ከተተከለ ከ1 እስከ 2 ሳምንት በኋላ (አረም ከበዛ ቆየት ብሎ) ውሃው እንዲወርድ ይተዋል። ከመሬቱ ወለል 15 ሳንቲሜትር ዝቅ ሲል፣ 5 ሳንቲሜትር እስኪቆም እንደገና ይጠጣል። አበባ ከማውጣቱ ሳምንት በፊት ጀምሮ እስከ ሳምንት በኋላ ግን ማድረቅ የለም፤ ከደረቀ ዘለላው ባዶ ይቀራል። ዩሪያ የሚበተነው በደረቁ ላይ፣ ውሃ ሊለቀቅ ሲል ነው።

አፈሩ አየር ሲያገኝ ምድርን የሚያሞቀውን ሚቴን ጋዝ የሚያመርቱት ረቂቅ ተሕዋስያን ይዳከማሉ። የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ፓነል በ2019 ባሻሻለው ስሌት፣ በየወቅቱ ደጋግሞ የሚደርቅ ማሳ የሚለቀው ሚቴን ሁልጊዜ ውሃ ከሚተኛበት 55 በመቶ ያህሉን ነው። ሌላው ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ፣ ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ከፍ ይላል፤ የሚቴኑን ቅናሽ ግን ብዙውን ጊዜ አይበላውም።

አሸዋማ አፈር ላይ ውሃው ቶሎ ስለሚጠፋ አይመከርም። የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ በሆነ ረግረግም ውሃው 15 ላይ ሳይደርስ ወቅቱ ያልፋል።

ገበሬ ግን ለሚቴን ብሎ አይተክለውም፤ በትክክል ከተሠራበት ምርት አይቀንስም፣ የሚጨምርም አይደለም። ናፍጣ ገዝቶ በፓምፕ የሚያጠጣ፣ የቀረለትን እያንዳንዱን ዙር በኪሱ ስለሚያየው ሳይለመን ይቀበለዋል። የውሃ ዋጋ በሄክታር ቁርጥ የሚከፍል ግን ውሃ ቢቆጥብም ባይቆጥብም ሂሳቡ ያው ነው። ከቦይ በተራ የሚያጠጣው ደግሞ የሚቀጥለው ተራ መቼ እንደሚደርሰው ካላወቀ፣ ውሃ ባገኘ ቀን ማሳውን እስከ አፉ ይሞላል፤ ማንም አይፈርድበትም። እዚያ ቱቦ ከማደል የተራውን ቀን ማስታወቅ ይቀድማል።